ከአጥሩ ማዶ የተባለው

ባለፈው ሰሞን ኮልፌ 18 ማዞሪያ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከጎኔ የተቀመጠች ቆጮ ሻጭ ጥቅሏን ፈታች። በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ የከረመ ቆጮ ሲፈታ የሚወጣውን ሽታ ለማያውቀው ሰው ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። ኮምጠጥ ያለ፣ የእርጥብ መሬትና የታፈነ ቅጠል ሽታ ነው። የለመደውን ምራቁን ያስውጠዋል፤ ያልለመደውን አፍንጫውን ያስይዘዋል። እኔ ከለመዱት ነኝ፤ የዚያን ዕለት ግን ምራቅ መዋጡ ቀርቶ ጥቅሉ ላይ አፈጠጥኩ። ሴትዮዋ ትኩር ብዬ ሳይ ገዢ መሰልኳትና "አባባ፣ ለክትፎ ነው? አንደኛውን ላውጣልዎት?" አለችኝ። "አይ ልጄ፣ ማሽተት ብቻ ነው" ብላት ሳቋን ለቀቀችው። "ማሽተትስ በነፃ ነው!" በነፃ አይደለም ልላት ነበር፤ ታክሲው መጣና ተውኩት።

ለምን በነፃ እንዳልሆነ ለመናገር ሠላሳ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። መንግሥት ተለውጦ ሰው ሁሉ ገና ግራና ቀኝ የሚያይበት ጊዜ ነበር፤ እኔ የማስታውሰው በዳቦው ነው። መዳፍ የሚሞላ ዳቦ በስሙኒ ይገዛ ነበር። ከኮልፌ መርካቶ የምንሄደው ፊት ለፊት ተፋጥጠን በምንቀመጥባት በትንሿ "ውይይት" ታክሲ ነበር። ስሟም እንዲያው አልወጣላትም፤ አንዷ ስለ ልጇ ሠርግ ወሬ ከጀመረች መርካቶ ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ተጠርቶ ነው የሚወርደው። ፌርማታው አጠገብ ካሴት ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ቀኑን ሙሉ የጉራጊኛ ዘፈን ስለሚለቅ መንገደኛው ሳያውቀው ትከሻው ይነቃነቃል። ጎረምሳው ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ሰፊ ኮት ነበር የሚለብሰው፤ እጅጌው ጣት ድረስ ይወርድና ሁላችንም የታላቅ ወንድማችንን ልብስ የሰረቅን እንመስል ነበር። ዛሬ ካሴት ቤቱ ስልክ መጠገኛ ሆኗል፤ ሰፊ ኮት ደግሞ እንደገና ፋሽን ሆኖ መጣ ይላሉ። እኔ ግን የዚያን ጊዜውን ጥዬዋለሁ።

አባቴ ኮልፌ ገበያ ዳር የገመድ ሱቅ ነበራቸው። ገመድ ስል የዛሬውን ናይለን አይደለም፤ የቃጫ ገመድ ነው። ቃጫ ማለት እንሰት ተፍቆ ቆጮው ሲወጣ የሚቀረው ክር ነው፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጭነት መኪና ከአገር ቤት ይመጣል። አባቴ ቃጫ ሲገዙ አያዩትም፤ ይሰሙታል። አንዷን ዘለላ በሁለት እጃቸው ወጥረው ጆሯቸው አጠገብ ድንገት ይስቧታል። በድምፁ ደገኛውን ከቆለኛው፣ በደንብ የተፋቀውን በችኮላ ከተፋቀው ይለያሉ። የልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ጋሽ ሁሴን "ይኸው ደግሞ ሬዲዮ ከፈቱ!" እያሉ ያሾፉባቸው ነበር። ሁለቱም አሁን የሉም። ሱቁ ባለበት ቦታ ላይ አምስት ፎቅ ቆሟል።

እኔ ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ፈትቼ፣ የአባቴን ሱቅ ደፍ እየሞቅሁ የምውል ጎልማሳ ነበርኩ። ዕድሜዬ ሠላሳ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ኪሴ ባዶ፣ የቀኝ ጫማዬ አፉን ከፍቶ ጣቴን ለአላፊ አግዳሚው ያሳይ ነበር። ጫማ ሰፊው ለአምስተኛ ጊዜ ሳመጣለት "ወንድሜ፣ ይሄን ከምሰፋልህ ብቀብርልህ ይቀለኛል" ብሎ መልሶኛል። እንዲህ ሳለሁ ነው አንድ ማስታወቂያ ያየሁት፤ ጉራጊኛና እንግሊዝኛ የሚችል አስተርጓሚ ይፈለጋል ይላል። የእኛ አገር አንድ ዩኒቨርሲቲና ባሕር ማዶ ያለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተፈራርመው፣ ከወልቂጤ አልፎ ባለው ደጋ ለሚኖሩ ደሃ ገበሬዎች በጋራ ሊሠሩ ነበር። "ዘላቂ ልማት" የሚለውን ቃል የሰማሁት ያኔ ነው። ለአባቴ ስነግራቸው "ዘላቂ ማለት ስንት ዓመት ነው?" አሉኝ። "ፕሮጀክቱ የሦስት ዓመት ነው" አልኳቸው። "ሦስት ዓመት ዘላቂ ከተባለማ የእኔ ገመድ ዘላለማዊ ነው" ብለው እየሳቁ መረቁኝ። ጉራጊኛውን ከእናቴ አፍ ለምጄዋለሁ፤ እንግሊዝኛዬም ለቁም ነገር ባይበቃ ለፈተና በቅቷል፤ ተቀጠርኩ።

የባሕር ማዶውን ዩኒቨርሲቲ ወክሎ የመጣው ፕሮፌሰር ሄንሪክ ይባላል። ቁመቱ ከመኪናው ጣሪያ የሚያልፍ፣ ሲስቅ ጆሮው የሚቀላ፣ የማሽን መሐንዲስ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄን አስቀድሜ ልናገር። ሴቶች ጎንበስ ብለው ቀኑን ሙሉ እንሰት ሲፍቁ በፎቶግራፍ አይቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእኛዎቹ መምህራን ጋር ደብዳቤ ሲጻጻፍ ቆይቶ በእጅ የሚዞር የእንሰት መፋቂያ ማሽን ሠራ። ማሽኑ የብረት ጥርስ ያለው ከበሮ ነው፤ ሁለት ሰው ቆሞ በመዘውር ያዞረዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስንወስደው ፖርቶመጋላው ላይ ያሰርነው በአባቴ የቃጫ ገመድ ነበር። በአየር ጤና ወጥተን፣ ዛሬ ዓለም ባንክ የሚባለው አካባቢ ያኔ ሜዳና የስንዴ ማሳ ነበር፣ አቧራ ስንቅም ውለን አመሻሽ ላይ ደጋው ደረስን። መንገዱ ኮረኮንች በሆነ ቁጥር ፕሮፌሰሩ እየወረደ ገመዱን ይነካካው ነበር። "ጥሩ ገመድ ነው" አለኝ። ከምን እንደሚሠራ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

የተላክንበትን መንደር ሴቶች የሚያስተባብሩት ብርነሽ የሚባሉ፣ ያኔ አርባ ዓመት የሞላቸው ሴት ነበሩ። በአገሩ ወግ "አዶቴ" እላቸው ነበር፤ እናቴ ማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ስሜን ትተው "የኮልፌው" ይሉኛል። አጭር፣ ፈጣን፣ ሲናገሩ አንድ ዓይናቸውን ጠበብ የሚያደርጉ ሴት ነበሩ። እዚያ አገር እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው። ሴቶቹ በደቦ እንሰቱ ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ መሬት ተቀምጠው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ አንድ እግራቸውን ሽቅብ አንስተው የእንሰቱን ልጥ በእሱ ዘንበል ካለ ጣውላ ጋር ይዘው በቀርከሃ ይፍቁታል። ወንድ እዚያ ድርሽ አይልም፤ ነውር ነው። ስለዚህ እኔና ፕሮፌሰሩ ከአጥሩ ውጭ ጀርባችንን ሰጥተን እንቀመጥ ነበር። እሱ ይጠይቀኛል፣ እኔ ጥያቄውን በአጥሩ በኩል አስገባለሁ፣ መልሱ በአጥሩ በኩል ይመጣልኛል፣ እሱ ይጽፋል። ያ ፈረንጅ ዕድሜውን የሰጠለትን ሥራ አንድ ቀን እንኳ ሲሠራ በዓይኑ አላየም። የሰማው እኔ ያልኩትን ብቻ ነው።

ማሽኑ የሚታየው ጀፎረው ላይ ነበር፤ ጀፎረ ከቤቶቹ ፊት ለፊት ያለው ሰፊው ሣር መንገድ ነው፣ የሁሉም ደጅ። በመጀመሪያው የማሳያ ቀን ሴቶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ሻሻቸውን አሳምረው መጡ። ሁለቱ መዘውሩን ሲያዞሩ የቀሩት አጨበጨቡ። ፕሮፌሰሩ ደስታው ከፊቱ ላይ ተርፎ ይፈስ ነበር፤ ፎቶ ያነሳል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይጽፋል። እኔ ግን ኮልፌ ተወልጄ ባድግም የእናቴ ልጅ ነኝና አንድ ነገር ከነከነኝ። በነጭ ቀሚስ እንሰት የሚፍቅ ሰው የት አገር አለ? ይሄ የሥራ ልብስ አልነበረም፤ የእንግዳ መቀበያ ልብስ ነበር።

ምክንያቱን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሰምቼው ነበር። ፕሮፌሰሩ ምንጩን ፎቶ ሊያነሳ ወርዶ እኔ ብቻዬን አጥሩ ሥር ተቀምጫለሁ። ከውስጥ የቀርከሃው ፍግፍግታና የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል። ድንገት የአዶቴ ድምፅ ወደ እኔ ቀረበ።

"የኮልፌው፣ አለህ?"

"አለሁ አዶቴ።"

"ይሄን ብረት ትናንት ሞከርነው። ብረት የነካው ቆጮ ይጠቁራል፤ ማን ይበላዋል? ቃጫውንም እየቆራረጠ ይጥለዋል። ደግሞ ቆመን እናዙር? ይሄ እኮ ተቀምጠን የምንጫወትበት ቀናችን ነው፤ ከባል ከአማት ተገላግለን የሆዳችንን የምናወራበት። ከዚህ ቀን ላይ ምን ጎድሎብን ነው?"

"ታዲያ ምን ይሻላል አዶቴ?"

"ተነስና ከአጥሩ ጥግ ያለውን እንሰት እየው" አሉኝ። ተነስቼ አየሁ። ሦስት እንሰቶች ቅጠላቸው ቢጫ ሆኖ ተንጠልጥሏል። "ሲቆረጥ ቢጫ ነገር ያዣል። አምና አንድ ነበር፣ ዘንድሮ ሦስት ሆነ። የእኛ ጭንቅ ይሄ ነው። እንሰት የተከልነው ለልጅ ልጅ ነው፤ ይሄ ከሄደ ምን ፍቀን ምን እንበላለን? የተማሩ ሰዎች ናችሁ። ለጌታህ ይሄንን ንገረው።"

"እነግረዋለሁ" አልኩ።

አልነገርኩትም። አመሻሹ ላይ የፕሮፌሰሩን መጠይቅ ገልጬ አየሁት፤ ስለ ማሽኑ ክብደት፣ ስለ መዘውሩ ቁመት፣ ስለሚቆጥበው ሰዓት ይጠይቃል። ስለ ቢጫ ቅጠል የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ነገ የማሳያው ቀን ነው፤ የዩኒቨርሲቲያችን ኃላፊዎችም መጥተዋል። የመጀመሪያ ደሞዜን ገና አልተቀበልኩም። እሳቸው ራሳቸው በአደባባይ ይናገሩት፣ እኔ የሰው አፍ ነኝ እንጂ ነገር አዋቂ አይደለሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

በማግስቱ ጀፎረው ላይ፣ ጭብጨባው ካበቃ በኋላ፣ ፕሮፌሰሩ አዶቴ ፊት ቆመና "እውነቱን ንገሩኝ፣ ማሽኑ እንዴት ነው?" ብሎ ጠየቀ። ተረጎምኩት። አዶቴ ማሽኑን አዩት። ፕሮፌሰሩን ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ረዘም አድርገው፣ ከላይ እስከ ታች። ላብ አጠመቀኝ። "ጥሩ ነው" አሉ። "እግዜር ይስጥልን።" እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ "በጣም ወደውታል፣ ምንም ቅሬታ የላቸውም" ብዬ ተረጎምኩ። ያኔ የመሰለኝ ይሉኝታ ነው። እንግዳ ከሩቅ አገር ተሸክሞ ያመጣውን ስጦታ ፊት ለፊት ማጣጣል እዚያ አገር አይታሰብም። እሳቸው ራሳቸው ዝም ካሉ እኔ ምን ቤት ነኝ አልኩ፤ ዕፎይም አልኩ።

በወሩ ደሞዜን ተቀብዬ መርካቶ ሄድኩና ቡናማ፣ ባለ ገመድ፣ አዲስ ቆዳ ጫማ ገዛሁ። የዚያን ጫማ ሽታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ወደ መንደሩ ስንመለስ አዶቴ ገና ከመኪናው ሳልወርድ እግሬን አዩና "እሰይ! የኮልፌው ጫማ ገዛ!" ብለው ጮኹ፤ ሴቶቹ ሁሉ ዕልል አሉ። ያሾፉብኝ መስሎኝ አፈርኩ።

ሦስቱ ዓመታት እንዲህ አለፉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ማሽኑ ይወጣል፣ ነጩ ቀሚስ ይለበሳል። እንዳይደብርም ማሳያውን አንድ ጊዜ በአንዱ ደጅ፣ ሌላ ጊዜ በሌላው ደጅ እናደርገው ነበር፤ ማሽኑን ተሸክመን ከእንሰት ወደ እንሰት እንዞር ነበር። እንግዳው ሲሄድ ቀርከሃው ይመለሳል። አንድ ጊዜ ማሽኑ ያወጣውን ቃጫ በወረቀት ጠቅልዬ ለአባቴ ወሰድኩላቸው። እንደ ልማዳቸው ወጥረው ጆሯቸው አጠገብ ሳቡት። ድምፅ የለውም፤ ተበጠሰ። ሌላ ዘለላ ሳቡ፤ ተበጠሰ። "ይሄ ገመድ አይሆንም" አሉኝ። "ነግረሃቸዋል?" ሴቶቹ ራሳቸው ጥሩ ነው እንዳሉ አስረዳኋቸው። አባቴ ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ። "ሴቶቹ እንግዳ አክብረው ነው። አንተ ግን እዚያ እንግዳ አይደለህም፣ ባለሥራም ነህ። እንግዳን ማክበር ሌላ፣ ሰው ገደል ሲገባ ማየት ሌላ።" ያን ቀን ተናድጄ ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ሰው የሚናደደው እውነት ሲነገረው ነው።

በመጨረሻው ቀን መንደሩ ሸኘን፣ ፕሮፌሰሩም አለቀሰ። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ወሰደኝ። "በቀለ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ" አለኝ። "ከአጥሩ ማዶ ከተባለው ውስጥ ያልሰማሁት ነገር አለ?" ጫማዬን አየሁት። "የለም" አልኩ። አቀፈኝ። ጥሩ የምስክር ወረቀት ጻፈልኝ፤ በዚያ ወረቀት መምህርነት ተቀጠርኩ፣ በመምህርነት አገባሁ፣ ልጆች አሳደግሁ፣ ጡረታ ወጣሁ። ሪፖርቱ ሲታተም አንድ ቅጂ ላከልኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜ አለ፤ ለታማኙ አስተርጓሚያችን ይላል። ቁም ሳጥን ውስጥ ከምስክር ወረቀቶቼ ጋር አስቀምጬዋለሁ፤ ግን ከፍቼ አነበብኩት ብል ውሸት ነው።

ቆጮው ከመሽተቱ ከሁለት ቀን በፊት ቤቴ እንግዳ መጣችብኝ። የልብስ ሰፊው የጋሽ ሁሴን የመጨረሻ ልጅ፣ ሰዓዳ። ሱቅ ደፍ ላይ ስትድህ የማውቃት ልጅ ዛሬ ዶክተር ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፣ ዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። እጇ ላይ ያንን ሪፖርት ይዛለች።

"ጋሼ፣ ስምዎትን እዚህ አገኘሁት እኮ! ይመኑኝ፣ ጮህኩ።" ገጹን ገልጣ አሳየችኝ። "ያ የባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ ከእኛ ጋር እንደገና ተፈራረመ። ፕሮፌሰር ሄንሪክ ከጥቂት ዓመታት በፊት አርፈዋል፤ ተማሪያቸው ነው የቀጠለው። ያንኑ ማሽን በሞተር አድርገን ለብዙ ወረዳ ልናዳርስ ነው። መነሻችን ይሄ ሪፖርት ነው፤ ሴቶቹ ወደውታል፣ ቅሬታ አልቀረበም ይላል። እርስዎ የዓይን ምስክር ነዎት። እውነት ወደውት ነበር?"

የፕሮፌሰሩን ማረፍ ስሰማ ደንግጫለሁ። ስሜ የተጻፈበትን ገጽ እያየሁ፣ በኩራት ፈገግ ያለችውን ልጅ እያየሁ፣ አፌ የለመደውን አለ። "ወደውት ነበር ልጄ። ጥሩ ነበር።" አመስግናኝ፣ ጉልበቴን ስማ ሄደች። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። በሦስተኛው ቀን 18 ማዞሪያ ያች ሴትዮ ጥቅሏን ፈታች። ታክሲው ሲመጣ እውነቱን ልናገር፣ ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ፤ ረዳቱ ዓለም ባንክ ሲል ግን እግሬ ገባ።

ሰዓዳ በሩን ስትከፍት ገና ሳልቀመጥ ጀመርኩ። አጥሩን፣ ነጩን ቀሚስ፣ የተበጠሰውን ቃጫ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ፣ ሁሉንም አወጣሁት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔው ሠላሳ ዓመት አደረ። ልጅቷ ማስታወሻዋን አንስታ አልጻፈችም። ቢጫ ስለሆኑት እንሰቶች ስነግራት ግን ፊቷ ተለወጠ።

"ሲቆረጥ ቢጫ ያዣል አሉ?"

"አዎ።"

"ጋሼ፣ ያ በሽታ እንሰቱን የሚጨርስ ነው። የሚዛመተውም በብረት ነው፤ በቢላ፣ በማጭድ። የታመመውን የቆረጠ ቢላ ሳይታጠብ ጤነኛውን ሲነካ።"

ከደጅ ወደ ደጅ የተሸከምነው ባለ ጥርሱ ብረት ፊቴ ላይ መጣ። እሷም አሰበችው መሰለኝ፤ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሳች። "በማሽኑ ነው ማለት አይቻልም፤ በየቤቱ ቢላ አለ" አለች ቀስ ብላ። "ግን ያኔ ቢነገራቸው ኖሮ፣ የዕፅዋት በሽታ የሚያውቁት መምህራን እዚያው ግቢ ውስጥ ነበሩ እኮ። አንድ ፎቅ ዝቅ ማለት ብቻ ነበር።" አለቀስኩ። በዚህ ዕድሜዬ በልጅ ፊት ማልቀስ ያሳፍራል፤ የፈለገ ይፍረድብኝ። ሰዓዳ ውሃ አመጣችልኝና "በሚመጣው ሳምንት ወደዚያ እሄዳለሁ" አለችኝ። "እኔ የአባቴን ስልጢኛ እንጂ ጉራጊኛ አልችልም። ይመጡልኛል?"

መንገዱ አስፋልት ሆኖ ለምሳ ደረስን። ጀፎረው አለ፣ ሣሩም አለ። እንሰቱ ግን ሳስቷል፤ ድሮ ሰማይ የማያሳየው ጓሮ ግማሹ ባሕር ዛፍ ሆኗል። አዶቴ ብርነሽ ሰባን አልፈዋል፤ ምርኩዝ ይዘዋል፤ ዓይናቸውን ጠበብ ማድረጋቸው ግን ያው ነው። "የኮልፌው!" ብለው ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ። ከዚያ ቀድመው ወደ ቤት ገቡና ጥግ ላይ የተሸፈነ አንድ ነገር ገለጡ። ማሽኑ ነው። አንድም ዝገት የለውም። ጥርሱ ያብለጨልጫል።

"በየዓመቱ ዘይት እንቀባዋለን" አሉ። "እንግዳው መጥቶ ስጦታዬ የት አለ ቢለንስ ብለን።"

እንግዳው እንደማይመጣ ነገርኳቸው። ተከዙ፤ ነፍስ ይማር አሉ። ውጭ ወጥተን ተቀመጥን፣ ሰዓዳም ደብተሯን ይዛ ከጎናቸው። እኔ ግን አልቻልኩም፤ መሬት ላይ ቁጢጥ አልኩ። "አዶቴ፣ ያኔ ንገረው ያሉኝን አልነገርኩትም። እርስዎ በአደባባይ ዝም ሲሉ እኔም ዝም አልኩ። እንግዳ ለማክበር ነው ብዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

አዶቴ ረዘም አድርገው አዩኝ፤ ያንን የድሮውን አስተያየት፣ ከላይ እስከ ታች።

"የትኛውን እንግዳ ለማክበር?" አሉ። "ፈረንጁንማ ልነግረው ነበር። አፌን ልከፍት ስል አንተን አየሁህ። ጣትህ ከጫማህ ውጭ ነበር። ፊትህ ላብ በላብ ነው። ይሄን ብረት መጥፎ ነው ብል መኪናው አይመለስም፣ የዚህም የሰው ልጅ እንጀራ ይቋረጣል አልኩ። እኛ እንሰት አለን፣ እሱ ምን አለው አልኩ። ጫማ ገዝተህ የመጣህ ቀን ዕልል ያልነው ለምን መሰለህ?"

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእነሱ ይሉኝታ የተሸፈንኩ መስሎኝ ስጸጸት ኖሬ፣ ለካ ከእንሰታቸው ላይ ለእኔ ቆርሰውልኝ ነበር። ሰዓዳ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ፤ በእጄ ቆዪ አልኳት።

አዶቴ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። "አሁንስ የኮልፌው? እንጀራህ ደህና ነው?"

"ጡረታ ወጥቻለሁ አዶቴ። ደህና ነው።"

"ልጆችህስ?"

"ደርሰዋል።"

ጎንበስ ብለው ጫማዬን አዩ። ደህና ጫማ ነው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ሰዓዳ ዞሩ።

"እንግዲያው ልናገር። አንተ አንዲቷንም ቃል እንዳትዘል። መጀመሪያ ያንን ብረታችሁን ከቤቴ አውጡልኝ፤ የአልጋ ቦታ ይዞብኛል በላት። ከዚያ ተነሱና እንሰቱን ላሳያችሁ።"

እንዳሉት ተረጎምኩት።